የበረቱ ሊሾ

ቢቸና፣ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወልደ ኪዳን
ሞጣ

ወልዴ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት አድርጎሃል? የሞጣ ብርድ እንደማይስማማው አውቃለሁ። እህትህ ይርጋነሽና ልጆቿ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን፤ ጸደንያም የፈተና ወረቀቷን ተቀብላ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታለች።

ከሁሉ በፊት ግን ደስታዬን ልንገርህ፤ ጉሬዛ ተኛች። ላም ተኛች ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም ትል ይሆናል። እኔ ዛሬ ጠዋት ሳያት እንባዬ መጥቷል። የፊት እግሮቿን አጣጥፋ፣ ጎኗን ጣል አድርጋ፣ ዓይኗን ከደን እያደረገች ታመሰኳለች። ጸደንያን ጠርቼ ባሳያት "እማዬ፣ ላም እኮ ናት፤ መተኛት ሥራዋ ነው" ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ያየሁትን ያየሁት እኔ ነኝ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ስደውል "ደህና ነን፣ ደህና ነን" ትልና ስልኩን ለይርጋነሽ ታቀብላታለህ። እሷ ደግሞ ድምፁን ከፍታ ቤቱን ሁሉ ታሰማበታለች። እኔ ልነግርህ የፈለግሁት ቤት ሙሉ ሰው የሚሰማው አይደለም። ቤት ሙሉ ሰው ፊት የተናገርኩት ይበቃኛል። ስለዚህ የሚኒባሱ ሹፌር ሣህለ ማርያም ነገ ወደ ሞጣ ስለሚወጣ፣ ይህን ወረቀት በራስህ እጅ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ።

አሁን ያልሰማኸውን ልንገርህ። የይርጋነሽን የገለባ መክተፊያ ሠርቼ ልምጣ ብለህ በሄድክ በሳምንቱ ጉሬዛ ወደቀች። ለመነሣት ስትሞክር የኋላ እግሮቿ ወዲያና ወዲህ ሸርተት አሉና ተከፈቱባት። በዚያ በቀዩ ሊሾ ላይ። እኔና ጸደንያ ገመድ አስገብተን፣ ጎረቤት ጠርተን፣ በስንት ጣር አነሣናት። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ዳሌዋን ዳበሰና አጥንቷ አልተሰበረም፣ ጅማቷ ነው የተሳበው አለ። ከዚያ ወለሉን በጫማው ጫፍ ገፋ ገፋ አድርጎ "ሳሎን ነው እንዴ?" አለኝ።

ለአንተ እንዳትነግር ብዬ ጸደንያን አስማልኳት። እሷ ልጅ ናት፣ አትፍረድባት። አፍሬ ነው።

ጉሬዛ ከዚያ ወዲያ መተኛት ፈራች። ሌሊቱን ቆማ ታድራለች። ገለባ ብጎዘጉዝላት ገለባውም አብሯት ይንሸራተታል። ውሃው ጋ ለመድረስ እንኳ እንደ ሕፃን ልጅ ወለሉን በእግሯ እየሞከረች ነበር የምትራመደው፤ ውሃ ሲቀንስባት ወተቷም ቀነሰ፣ ጉልበቷም አበጠ። ኸይራት ለሻይ ቤቷ ወተት ልትወስድ ስትመጣ ማሰሮውን አየችና ምንም አላለችም። ኸይራት ዝም ስትል ታውቃታለህ አይደል? ከምትናገረው ይብሳል።

እውነቱን ልናገር። ሊሾውን ያስነጠፍኩት ለላሞቹ ነው እያልኩ ስናገር ከረምኩ እንጂ፣ ለሰው ዓይን ነበር። የቢቸና ሴት ሁሉ ቤቷን ሊሾ ስታደርግ የእኔ በረት እንኳ ሊሾ ነው ለማለት ነበር። አንተ አንድ ቀን ብቻ "ሰኮና እኮ ጥፍር የለውም፣ በምን ይያዝ?" አልከኝ። አልሰማሁህም። ከዚያ ሲሚንቶው ሳይደርቅ፣ በዚያ በማይታጠፍ ጉልበትህ ተንበርክከህ፣ በበረቱ መጥረጊያ ወለሉን ሁሉ ጫር ጫር አድርገህ አገኘሁት። እንዴት እንደተናደድኩ አንተ ታውቃለህ።

ያም ባልከፋ። ለማርያም ማኅበር የመጡትን ሴቶች በረቴን ላሳይ ብዬ ወስጄ፣ ጭረቱን ሲያዩ ምን አልኩ? "የእኔ ባል እጁ ሰኮና ነው፤ የነካውን ሁሉ በረት ያስመስለዋል።" ሴቶቹ ሳቁ። አንተም ጥጃውን እንደያዝክ አብረህ ሳቅህ። ኸይራት ወተቷን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፤ "በረቱን በረት ቢያስመስለው ምን አጠፋ ታዲያ?" አለች። የዚያን ጊዜ እንኳ ብነቃ ምን ነበረበት። እኔ ግን በማግስቱ ግንበኛውን ፋንታን ጠርቼ ጭረቱን ሁሉ አስደፈንኩ፣ በላዩ ቀይ ቀለሙን አስደገምኩ። አንተ በማግስቱ ጋቢህንና የመፍቻ ከረጢትህን አንሥተህ ሞጣ ወጣህ። ያ ማሽን እስካሁን ካልተሠራ ግን ወልዴ፣ ይርጋነሽ ሌላ ብትገዛ ይሻላታል።

ስለ ማሽን ካነሣሁ አይቀር፣ የኛም መክተፊያ አንተ ስትሄድ ያኮረፈ ይመስል ሞተሩ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ። ከደጀን አስመጥቼ ብገጥመው ላላ ብሎ እየዞረ ይወልቃል። አንተ ምን ታደርግ እንደነበር ቁጭ ብዬ ሳስብ ትዝ አለኝ። የሞተሩን አራት ብሎን አላልተህ ወደ ኋላ ሳብ ታደርገው ነበር፤ እኔ መብራት ይዤ እያወራሁ አጠገብህ እቆማለሁ። "ወሬውን ትተሽ ብርሃኑን ወደዚህ" ትለኝ ነበር። እንደዚያው አደረግሁት። መብራቱን ጸደንያ ያዘችልኝ፤ እኔም ወሬውን ትተሽ አልኳት። ማሽኑ ሲነሣ ጮኬ ተራራ ላይ እሳት የተነሣ ያህል ነው የተንጫጫነው። የውሃ ገንዳው ቧንቧ ሲያንጠባጥብም በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ጠቅልዬ አሰርኩት። አስቀያሚ ነው፤ ግን ይዟል።

ወለሉንም እንዲሁ አደረግሁ። ፋንታን መልሼ ጠራሁት። "እንደገና ምን ልታስደርጊኝ ነው እትዬ ስርጉት?" አለኝ። ሊሾውን በመሮ ሸካራ አድርገህ አዲስ ሲሚንቶ አልብስልኝ፣ ሳይደርቅ እኔ እጭረዋለሁ አልኩት። ላሞቹን ወደ ባሕር ዛፉ ሥር አውጥተን፣ ዕቃ ስናነሣ የፉርሽካውን በርሜል ገለበጥነው። ያን ጊዜ ፋንታ በርሜሉ ሙሉ ስለነበረ ሳያነሣው ዙሪያውን ነበር የደፈነው ለካ። ከሥሩ ያንተ ጭረት እንዳለ ተቀምጧል።

እንዳለ፣ ወልዴ። መስመሩ ከመስመሩ ጋ፣ ሰኮና የሚገባበት ያህል እየተራራቀ። ከጎኑ ደግሞ መዳፍህ ታትሟል፤ ለመነሣት ተደግፈህበት ይሆናል፣ ጉልበትህ ስለማያነሣህ። አምስቱም ጣት። ያ አውራ ጣትህ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር ወጥቷል።

ጭረቱን ከዚያ እየቀዳሁ ሠራሁ። የእኔ እንዳንተ ቀጥ አላለም፣ አንዳንድ ቦታ እንደ እባብ ሄዷል። ሲደርቅ ገለባ ጎዘጎዝንና ጉሬዛን በቀስታ አስገባናት። በሩ ላይ ቆመች፤ አሸተተች፤ አንድ እግሯን አስቀደመች። መያዙን ስታውቅ ገባች። ያም ሆኖ ሳትተኛ ቆይታ፣ ዛሬ ነው የተኛችው።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ አሁን ሰው ሁሉ ያሞግሰኛል። እነዚያው የማኅበር ሴቶች መጥተው ስርጉት እንዴት ያለ ብልሃት አመጣሽ ይላሉ። ከእንስሳት እርባታ ጽሕፈት ቤት የመጣው ልጅም ወዶት፣ በመጪው ሐሙስ የገጠር ገበሬዎች ይዤ ልምጣና አስረጂልን አለኝ። ማን አሳየሽ ሲለኝ ዝም አልኩ። ዝም ስል ትሕትና መሰላቸውና የባሰ አመሰገኑኝ። ፊቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሰው ፊት ያልኩትን ሰው ፊት መመለስ አለብኝ፤ አንተ በሌለህበት ብመልሰው ግን የመለስኩ አይመስለኝም።

ፋንታ ሲጨርስ "በርሜሉ ሥር የነበረውንም ላልብሰው? ወለሉ እኩል አልሆነም" ብሎኝ ነበር። አይነካም አልኩት። በርሜሉንም ወደዚያ አልመለስኩትም። ጠዋት ጠዋት ያችን ቦታ ከሌላው ለይቼ እጠርጋታለሁ። አንድ ቀን ማንም ሳያይ እጄን በመዳፍህ ላይ አስቀምጬ ነበር። ያንተ ይሰፋል። በእጄ ዙሪያ ጠርዙ ተርፎ ይታያል።

የጉሬዛ ወተት ገና አልሞላም፣ ግን እየተመለሰ ነው። ጾሙ ሲገባ ከኸይራት የሚተርፈውን እንንጣለን፤ ቅቤውን ለፋሲካ አንተ ካልቀመስከው ጨዋማ ይሁን አይሁን ማን ይነግረኛል? ለቅበላ ጸደንያ አንድ ዶሮ ለይታ አስራለች። ለማን እንደሆነ ብጠይቃት ዶሮዋን ጠይቂ አለችኝ።

የይርጋነሽ ማሽን እስከ ሐሙስ ካልተሠራ መልእክት ላክብኝ። ብሎን መፍታት ተምሬያለሁ፤ ራሴ መጥቼ እሠራላታለሁ። አንተ መብራቱን ትይዝልኛለህ።

እመቤቴ ማርያም ጉልበትህን ታጽናልህ፣ መንገዱን ታቅናልህ።

ባለቤትህ
ስርጉት