ቀሚሶቹና አሻንጉሊቶቹ በአንድ ቁም ሳጥን

ሰኞ፣ ጥር 6

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ሌላ የረባ ሥራ የለም። ቀትር ላይ ወደ ቤት ገብቼ አሻንጉሊቶቹን እንደገና ቦታ ቀየርኳቸው። ለስንተኛ ጊዜ? መቁጠር ትቻለሁ።

አሥራ አራት ናቸው። የልጄ። እያንዳንዱ ጀግና ከነሰይፉ ካርቶን ላይ ቆሞ፣ ፊት ለፊቱ ባበጠ ፕላስቲክ ተሸፍኖ... ከፋብሪካ እንደወጣ፣ አንዴም ሳይከፈት። ያቺን ያበጠች ፕላስቲክ እሷና እናቷ “ጉንጭ” ነበር የሚሏት። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ተራ ይሄዱና ተሟግተው፣ ተኳርፈው፣ አንድ መርጠው ይመጣሉ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ፣ ካልተጫወቱበት ምኑን አሻንጉሊት ሆነ እላለሁ። ይስቁብኛል።

ልጄ ለሥራ ራቅ ብላ ሄደች፤ ጠባቂነቱ ለእናቷ ሆነ። እናቷ ካረፈች ዓመት ከሁለት ወር። አሁን ጠባቂው እኔ ነኝ። የመርፌ እጅ ምን ያውቃል?

መጀመሪያ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀልኳቸው። ልጄ በስልክ ሰማችና፣ አውርድ፣ የካርቶኑ ቀዳዳ ይቀደዳል አለች። አነባብሬ አልጋ ሥር ከተትኩ። ጉንጫቸው ይጨፈለቃል። መደርደሪያ ላይ አቆምኩ። ፀሐይ ቢጫ ያደርጋቸዋል። ሱቅ እንዳልወስዳቸው የካውያ እንፋሎት አለ። ወጥ ቤቱ ይረጥባል።

ዛሬ የባለቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ገቡ። ጨለማ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ቀሚሶቿ ከላይ፣ እነሱ ከታች። ቀሚሶቹን ሁሉ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ብል እንዳይበላቸው ነጩን እንክብል በየጊዜው እጨምራለሁ፤ ዛሬም እፍኝ ሙሉ ጨመርኩ። ለአሻንጉሊቶቹም አይጠላም ብዬ በአጠገባቸው በተንኩ።

ልቤ ግን አላረፈም። ሁለቴ ከፍቼ አየሁ።

እሑድ፣ ጥር 12

ደወለች። “ልጆቹ እንዴት ናቸው?” አለች። አሻንጉሊቶቹን ማለቷ ነው። አባትሽም ደህና ነው አልኳት።  

ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ያለው ቤት አግኝታለች። መጋቢት ላይ መጥታ ልትወስዳቸው ነው።

ምን አስቀናኝ? በስድሳ አራት ዓመቴ... በፕላስቲክ? ጸሎት ላይ ቆሜም ይኸው ነበር የሚመላለስብኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 22

የአንዱ ካርቶን ጠርዝ ተጥመልምሎ አገኘሁት። ቀይ ካባ ያለው። አላስቀምጥ አለኝ። እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ለብ ባለ ካውያ ተኮስኩት።

ተቃና። ቀለሙ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ ኩፍ አለ።

ካርቶን ሱፍ ነው እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ሰብስብ።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ሰማያዊ ቀሚሷን ለመንካት ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። አንዳንዴ እንዲሁ እነካዋለሁ። ዓይኔ ወደ ታች ሄደ።

አረንጓዴ ጭንብል ያለው አሻንጉሊት... ጉንጩ ደብዝዟል። ሞራ እንደጋረደው ዓይን። በጣቴ ጫፍ ነካሁት፤ ይጣበቃል። ከዚያ ጠርዙ ከካርቶኑ ለቀቀ። በእጄ ላይ!

ፀሐይ አልነካው። እርጥበት አልነካው። አልሰቀልኩት፣ አልደራረብኩት። ልጄ ያለችኝን ሁሉ አድርጌ... ምን በደልኩ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

በጨርቅ ጠቅልዬ አሮጌ ዕቃ ሻጩ ዘንድ ወሰድኩት። ሰዉ “ሙዚየም” ይለዋል፤ የሚሸጠውን ለመሸጥ ሆዱ አይችልም። ባለቤቴንና ልጄን በደንብ ያውቃቸው ነበር።

ገና ጨርቁን ሳልፈታ አፍንጫውን ያዘ። ምን ውስጥ እንዳስቀመጥኩት ጠየቀኝ። ነገርኩት።

“ጋሼ፣ ቀሚስ መሰልዎት? ይሄ እንክብል እኮ ፕላስቲክ ይበላል። ትነቱ ነው የሚበላው። ቀሚሶቹም ጠጥተውታል፣ እነሱ ባሉበት አይሆንም።”

የካውያውንም ነገርኩት። ያን ጊዜ ሳቁን መያዝ አቃተው። ቀጥሎ ሊሰፉለት ነው ወይ አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳልፈልግ።

ከመሳቢያው ትንሽ ሙጫ አወጣ። በቀጭን እንጨት ጫፍ ጠብ አድርጌ ጠርዙን ብጫን ማንም እንደማይለይ አስረዳኝ። ልጄስ ብትጠይቅ? አልኩት።

“ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ጋሼ።”

ሙጫውን ኪሴ ከተትኩ። ወሰድኩ እንጂ... ለምን ወሰድኩ?

ሐሙስ፣ የካቲት 7

አሻንጉሊቶቹን ያን ማታ ከሳጥኑ አውጥቼ ራስጌዬ አቁሜያቸዋለሁ። ሙጫው ጠረጴዛው ላይ ነው። እንጨቱንም አሹዬ አዘጋጅቻለሁ። ለጸሎት ስቆም ያየኛል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ሙጫ ፊት አለው?

ያልተከፈተ ነገር ዋጋው እንዳልተነካ መታወቁ ነው፣ ትል ነበር ባለቤቴ። እኔ ነክቼ፣ አልነካሁም ልበል?

እሑድ፣ የካቲት 10

ነገርኳት። ሰላምታ ሳንጨርስ። እንክብሉን፣ ካውያውን፣ ሙጫውን ሳይቀር።

“የትኛው ነው ጉንጩ የለቀቀው?”

“አረንጓዴ ጭንብል ያለው።”

“እሱን እማዬ ናት የመረጠችው። መጨረሻ ቅዳሜ።”

 በኋላ እደውላለሁ ብላ ዘጋች። ስልኩን አቅፌ ዋልኩ። አልደወለችም።

ሙጫውን ለጫማ ሰፊው ጎረቤቴ ሰጠሁት።

ዓርብ፣ የካቲት 15

አልደወለችም። ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ። እግሬ አላርፍ አለ። አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት።

ከቀትር በኋላ ቀሚሶቹን አወጣሁ። አንድ በአንድ። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠበቃል? እንክብሉን ለቅሜ ጣልኩ፣ ሳጥኑን ጠርጌ አጥቤ በሩን ከፍቼ ተውኩት።

ገመድ ላይ ሳሰጣ ፊቴን ሰማያዊው ላይ አደረግሁ። ሽታዋን ፍለጋ። የለም። ሁሌም የነበረው የእንክብሉ ነው... ዓመት ከሦስት ወር ስጠብቅ የከረምኩት የብል መድኃኒት ሽታ ኖሯል። ጌታዬ ሆይ፣ ይህንንስ አታሳየኝም ነበር?

አለቀስኩ። ቆሜ።

እሑድ፣ የካቲት 17

ደወለች።

“አባዬ፣ አንተ እንዴት ነህ?”

 ደህና ነኝ አልኳት። ሳምንቱን የተቆጣችው በእኔ እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ በማን እንደሆነም አታውቅም። ቀሚሶቹስ አለች። ገመድ ላይ ናቸው አልኳት። ሰማያዊውን ለእኔ ታሳጥርልኛለህ? አለች። ልክሽን ላኪ ብላት፣ መጥቼ ትለካኛለህ አለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23

ሳጥኑ አሁን ምንም አይሸትም። በውስጡ አሥራ አራት ክፍል ሠራሁ፤ ማንም ማንንም እንዳይደገፍ፣ ሁሉም በታች ጠርዙ እንዲቆም። ልጄ የላከቻቸው አሥራ አራት ጥርት ያሉ የፕላስቲክ ቤቶች ደርሰውኛል፤ እያንዳንዱን አሻንጉሊት በየቤቱ አገባሁት። ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጥግ ጥጉን አደረግሁ። በሩን ነቅዬ ገበር ያለው መጋረጃ ሰፋሁ፤ ሲፈልጉ ገለጥ አድርጎ ማየት፣ ሲበቃ መጋረድ። ይሄን እንኳ አውቃለሁ፤ መጋረጃ ነው።

ሌሎቹ ቀሚሶች ለባለቤቴ እህት ሄዱ። ሰማያዊው ቀረ።

እሑድ፣ መጋቢት 8

ዓርብ መጣች፤ ዛሬ ረፋድ ሄደች።

መጀመሪያ መጋረጃውን ገልጣ ቆመች። ብዙ ቆመች። ከዚያ አረንጓዴውን አውጥታ በመዳፏ ይዛ የለቀቀውን ጠርዝ አየችው። 

ቅዳሜ ለካኋት። ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ሳኖር እጄ የእናቷን ቁጥር ሊጽፍ ነበር፤ ለምዶበት። ሁለት ጣት ይሰፋል። የማን ትከሻ ነው ይሄ? አልኩ ለራሴ ያልኩ መስሎኝ።

“የማን ይሆናል? ያንተ ነዋ።”

የትከሻውን ስፌት ተረተርኩት። በገዛ እጄ የሰፋሁትን፣ ለእናቷ ብዬ... ከእጥፋቱ የተረፈ ጨርቅ ነበረው፤ ሁልጊዜ አተርፍ ነበር። በቃ።

ሻንጣዋን ስትዘጋ አሥራ አራቱን ለመሸከም ካርቶን አዘጋጅቼ ቆምኩ። ሁለቱን ብቻ አነሳች። አረንጓዴውንና የተኮስኩትን።

“የተበላሹትን እኔ ልያዝ። ደህናዎቹ አንተ ጋ ይሁኑ።”

እኔ ጋ? አልኳት። ጠባቂ ሲሳሳት የሚናገር ከሆነ ይበቃኛል አለች፣ ጫማዋን እያሰረች፣ ሳታየኝ። ሰማያዊውን ለብሳ ነው የወጣችው።

አሥራ ሁለቱ ቆመዋል። ሁለቱ ክፍል ባዶ ነው፤ አላሸጋሸግኳቸውም።

ዛሬ ምንም ቦታ አልቀየርኩም።