የወንድሜን ፉጨት ለተረከቡት የባንድ መሪ

ለተከበሩ የባንዱ መሪና ጊታር ተጫዋች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጣቶችዎ ጤና፣ ለድምፅ ማጉያዎ የማይቋረጥ መብራት እየተመኘሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ስላሳዩን ኮንሰርት ያለኝን ልባዊ ምስጋና እንደሚከተለው በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ጊታርዎን እየቃኙ ረዘም ላለ ጊዜ ስላስጠበቁን እናመሰግናለን። እኔ በበኩሌ መቃኘቱ የመጀመሪያው ዘፈን መስሎኝ አጨብጭቤያለሁ፤ አጠገቤ የነበሩትም እንደዚያው።

፪ኛ. አንዱን ዘፈን ይጀምሩና መንገድ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ፤ ድራም መቺዎ ይከተልዎታል፤ የት እንደምትደርሱ እናንተም አታውቁም፣ እኛም አናውቅም። የወደድንዎ ለዚህ ነበር። አንዱ ምሽት ከሌላው የማይገጥም፣ ስህተቱ እንኳ የዚያ ምሽት ብቻ የሆነ ባንድ ነው እያልን ከወዳጅ ዘመድ ስንሟገት ኖረናል። ባለቤቴ «አንድ ዘፈን መጨረስ ያቃተው ሰው» ስትልዎ ተቆጥቼ ራት ጥዬ ተነስቻለሁ። አሁን ይቅርታ እየጠየቅኋት ነው።

፫ኛ. አምና ታላቅ ወንድሜን ይዤ መጥቼ ነበር። ታሞ ስለነበር ሐኪሙን ለምኜ ነው ከሆስፒታል ያወጣሁት። በረጅሙ ዘፈን መካከል ሁላችሁም ዝም ስትሉ፣ ልጆች ሳለን እኔን ከሜዳ ወደ ቤት ይጠራባት የነበረችውን ፉጨት አፏጨ። እርስዎ ቀና ብለው በዓይንዎ ፈለጉት፤ ፈገግ አሉና በጊታርዎ መለሱለት። ወንድሜ በወሩ ዐረፈ። እስከዚያ ድረስ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ «መለሰልኝ እኮ» እያለ ይናገር ነበር፤ እኛም ከቀብሩ በኋላ የተጽናናነው በዚችው ነው።

ቅዳሜ ብቻዬን መጣሁ። እዚያው ቦታ ላይ ዝም አላችሁ። የባንዱን መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ከመድረኩ ጥግ ሆኖ ያችኑ ፉጨት አፏጨ። እርስዎም ከአጠገብዎ የቆመውን ሰው ቀና ብለው በሩቅ ፈለጉት፣ ፈገግ አሉ፣ ያንኑ መልስ መለሱለት። ጎኔ የተቀመጠው ሰው በደስታ «ይቺን እኮ በየከተማው ነው የሚያደርጓት፤ እኔ የምመጣውም ለሷ ብዬ ነው» አለኝ። እርስዎ ግን ማይክ ይዘው «አሁን ነው የመጣልኝ» አሉን። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ነው ነገሩ። ፉጨቷን መውሰድዎን እንኳ እችለው ነበር፤ ያንን ፈገግታ ለሌላ ሰው መድገምዎ ግን በጣም ከፍቶኛል።

ለአንድ ሕመምተኛ የሰጡትን መልስ ለየከተማው ሕዝብ ሳይሰስቱ ስላከፋፈሉ፣ ቤተሰባችን ለደግነትዎ ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ይነሳል።

እስከ ቅዳሜ ማታ አድናቂዎ የነበርኩት፣
የአፏጪው ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ የቀጠሩት አፏጪ መሀል ላይ አየር ይስባል። ወንድሜ በዚያ ባለቀ ሳንባው በአንድ ትንፋሽ ነበር የጨረሳት። እባክዎን ያለማምዱት።