«ሞልቷል» በተባለበት ድንኳን ተከልን

ውድ ጆሊን፣

ትናንት እዚህ ሞንታና የሆነውን ካልነገርኩሽ አይወጣልኝም! ከሰዓቱን ሙሉ በብስክሌት ዳገት ስንገፋ ውለን የፓርኩ ድንኳን መትከያ በር ስንደርስ «ሞልቷል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሌላ የተፈቀደ ቦታ ያለው ከተራራው ማዶ ነው። የኔው ዌንዴል ጉልበቱን ይዞ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ከዚህ ወዲያ አንዲት ፔዳል አልረግጥም። ጫካ ገብተን እንተኛ፤ ማን ያየናል?»

«ድቡ ያየናል! ደግሞ እንደ ሌባ ተደብቄ አላድርም» አልኩት።

ከበሩ የተመለሰ ባለመኪና በመስኮት ብቅ ብሎ «እማማ፣ በከንቱ አይልፉ፤ እኛንም መልሰውናል!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ብስክሌቴን እየገፋሁ የበሩ ጠባቂ ፊት ቆምኩ። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«በዚህ ነው ዳገቱን የወጣችሁት?»

«በዚሁ!»

«ታዲያ ምን ያስቆማችኋል? የሞላው ለመኪና ነው። በእግሩና በብስክሌቱ ለመጣ ያስቀመጥነው ቦታ አለ፤ ግቡ!»

ዌንዴል እንዴት ተስፈንጥሮ እንደተነሳ ባየሽ! ያ ባለመኪና አፉን ከፍቶ ሲያየን፣ እኛ እንደ ሙሽራ በፊቱ አለፍን። እኛ አገር ነብራስካ ሁሉ ሜዳ ነው፣ ከፍታ ቢባል የእህል ጎተራው ነው፤ እዚህ ድንኳናችንን ስንከፍት በረዶ የለበሰ ተራራ አፍንጫችን ሥር ቆሟል።

የፖስታ ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። «የመጀመሪያው ዳገት ይመልሳችኋል» ላለን ለባልሽ ለሎይድም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ይህን የጻፈችው ዳገቱን ቁልቁል እያየች ነው በይልኝ።

ማርሊስ