ከቤታችን ጀርባ ያለው ጥቁር ድንጋይ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ደረጃውን ያስወጣዎታል? ሳሉስ ለቀቀዎ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ ወይስ ዛሬም እኅቴን «ነገ እውጠዋለሁ» እያሉ ያታልሏታል? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ ልቤ ግን አላረፈም። በስልክ ያልነገርሁዎ ስልኩ ሁሉም በሚሰማበት ክፍል ስላለ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ በእናንተ በኩል የሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር ነው።

አባባ፣ ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳዎ። እዚህ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭተን፣ ዶሎማይት የሚባል ነጭ የድንጋይ ዱቄትና ጥቂት የክሮም ማዕድን ቀላቅለን እናቀልጠዋለን። ሲቀዘቅዝ ለፋብሪካ ወለል የሚሆን ሴራሚክ ይወጣዋል፤ ካልተሰነጠቀ። አርባ አንድ ጊዜ ሞክረን አርባ አንዱም ተሰነጠቀ። ባለፈው ወር የአቅራቢው ድንጋይ አለቀና፣ ስመጣ እርስዎ «ድንጋይ ልታጠኚ ከሆነ ከቤትሽ ጀምሪ» ብለው ሻንጣዬ ውስጥ ከከተቱልኝ ድንጋይ ሲሶውን ሰብሬ ፈጨሁት። አልተሰነጠቀም። በመዶሻ ስንመታው ጮኸ እንጂ ፍንክች አላለም።

ስሕተቴ ከዚህ በኋላ ነው። መዝገባችን ላይ «የድንጋዩ ምንጭ» የሚል ዓምድ አለ፤ ባዶ መተው ክልክል ነው። እኔም እንደ ልማዴ መንደራችንን ጠቅሼ «ከአባቴ ቤት ጀርባ ካለው ኮረብታ» ብዬ ጻፍሁ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ አንብበው፣ ኮረብታው ስንት ሜትር እንደሚረዝም ጠየቁኝ። «ለክቼው አላውቅም» ብዬ ወደ ምድጃው ተመለስሁ። ምድጃ ጠባቂው ደግሞ «አባትሽ ሀብት ላይ ተኝተው ትራስ ይለምናሉ» ብሎ ሳቀብኝ። የቤታችን የኋላ ግድግዳ ራሱ ኮረብታው መሆኑን ማን ይንገረው? እሱን ፈልጠው ሲወስዱ ቤቱ በምን ይቆማል?

ፋብሪካው ኮረብታውን ከመግዛቱ በፊት ደንቡ ሦስት የተሳካ ሙከራ ይጠይቃል። ለቀሪዎቹ ሁለት የተረፈኝ ድንጋይ ይበቃል፤ የሚካሄዱትም ምድጃው ተጠግኖ ሲያልቅ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ክሮሙን በጥቂት ግራም ባጎድል ይሰነጠቃል፤ የሚነቃብኝም የለም። ሚዛኑ ፊት ስንት ጊዜ ቆሜ ተመለስሁ! ነገር ግን የሐሰት ውጤት ጽፌ አላውቅም፤ እርስዎም እንዲያ አላሳደጉኝም። በትክክለኛው መጠን አቀልጠዋለሁ።

እስከዚያው ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ምንም ቢያባብልዎ አይፈርሙ። እንግዳን ከደጅ መመለስ ነውር ነው ይሉኝ ይሆናል፤ የዚህን ጊዜውን ነውር እኔ ልሸከምልዎ።

እኅቴን ይሳሙልኝና ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ታንብብልዎ። አጎቴን ወደ ደኅናው ጆሮው ጠጋ ብለው ሰላም ይበሉልኝ። የእኅቴን ባል፣ የቤቱ ነገር እስኪለይ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ መምታቱን ለጊዜው እንዲያቆየው ይንገሩት። ልጆቹን በያሉበት ይሳሙልኝ።

አባባ፣ ሥራዬ እንዲቃናልኝ ዕድሜዎን ሙሉ ጸልየዋል። ለዚህ ወር ብቻ፣ እንዲሰነጠቅብኝ ይጸልዩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ከፋብሪካው ሠራተኞች መኖሪያ፣ ኅዳር 9 ቀን