ጀምበሬ አንገቴ ላይ ያሰረው ክታብ

ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1933 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ክንፈ፤

እንደምን ከርመዋል? ብርድ ሲሆን ይቆረጥምዎ የነበረው ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እኛ በቆላው ደህና ነን። የጣሊያን መኪና ወደ ደሴ ሲሸሽ መንገዱን ካጨናነቀው ሳምንቱ ነው፤ አቧራው የማሽላ ጎተራችን ድረስ ገብቷል። ሰዉ «ፊታውራሪ ለጊዮርጊስ በዓል ከነሰዎቻቸው ይወርዳሉ» እያለ ሰንጋ መርጦልዎታል።

ይህን ማን ጻፈላት ብለው አይድከሙ። እኔው ነኝ። ታናሻችን ጀምበሬ ልጅ ሆኖ ፊደል ሲቆጥር አጠገቡ ጥጥ እፈትል ነበር፤ ዜማው ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ነፋስ የበተነውን የዳዊት ቅጠል፣ ጎረቤቴ ዙሀራ ጨው የምትጠቀልልበትንም ጋዜጣ እየለቀምኩ ድምፁን ከመልኩ አገናኘሁት። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ጀምበሬ ሹመት ነው። የቆየው ሰባት ሳምንት ነበር። ጣሊያን የቀወት ሹም ብሎ ካባ ሲያለብሰው «የአርበኛው የክንፈ ወንድም ገባ» ተብሎ አገሩ ጉድ አለ። እኔም ቤቱ ሄድኩ።

«አንተ፣ ምን ጎደለብህ?» አልኩት።

«ጫማ፣ እትዬ። ይኸው ሰጡኝ፤ እሱም ይጠበኛል» ብሎ ሳቀ።

«ጋሼ ሲሰሙ ምን ይላሉ?»

«ጋሼን ለእኔ ተይልኝ» አለና ከአንገቱ ክታብ ፈትቶ አሰረልኝ። «የንዳድ ነው። እንዳትፈቺው፤ ክታብ ከተፈታ ኃይሉ ይሄዳል።»

ይህንንማ ማን ያጣዋል? አልፈታሁትም።

አርበኛ ሊያስይዝ የሄደበት ቤት ሁሉ ባዶ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። ሰነፍ ሹም ነው ብለን ሳቅንበት። በዚያው ግን የእርስዎ ሰዎች «ወንድሙ ከገባ እሱም ነገ መግባቱ ነው» እያሉ አንድ በአንድ ይከዱዎ ጀመር። በስምንተኛው ሳምንት ከማጀቴ ከተማ ገበያ ሲመለስ የእርስዎ ሰዎች ተኩሰው ጣሉት። ቃልዎም ደረሰን፤ «ባንዳ ወንድም የለኝም። እህቴም እንዳታለቅስ።»

አላለቀስኩም። ያለ ፍትሐት ሮቢ ወንዝ ዳር ሲቀብሩት በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ያለቀሰችለት ዙሀራ ናት። እስላሟ ስታለቅስለት የእናቱ ልጅ ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

በዚህ ጾም መግቢያ ሮቢን ስሻገር አዳለጠኝና ክታቡ ውሃ ገባበት። ቆዳው በላብ በስብሶ ኖሮ ስፌቱ ተተረተረ። ላድርቀው ብዬ ዘረጋሁት። የመልአክ ሥዕል የለበትም፤ ጸሎትም የለበትም። ያለበት የእርስዎ ማኅተም ነው። ፊደል በፊደል ሳነበው ዋልኩ።

«ሹመታቸውን ተቀበል። ውስጣቸው ሆነህ ወሬና ጥይት ላክልኝ። ለእህታችንም ቢሆን አትንገር። ቀኑ ሲደርስ ስምህን እኔ አነጻዋለሁ።»

ጋሼ፣ ሰው ሊያልቅብዎ እንደነበር አውቃለሁ። እሱን ባያስገድሉት ኖሮ ዛሬ የሚወርድ ጦር ላይኖር ይችል ነበር። ይህንንም አስቤዋለሁ። ያልገባኝ ሌላ ነው። ካመነዎ ወረቀቱን ለምን አንገቴ ላይ አሰረው? ካላመነዎስ ለምን ሄደ? ጥጥ ስፈትልም ማሽላ ስፈጭም ይኸው ነው የሚዞርብኝ። የእኔ ደግሞ ከእርስዎ አይሻልም፤ የማውቀውን ወንድሜን በሰው ቃል ካድኩት።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በጊዮርጊስ ዕለት ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሰንጋው ሳይታረድ፣ በራስዎ አፍ ይናገሩለት። አጽሙ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ፍትሐት ይደረግለት፤ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ይረፍ። እኔም የያዝኩትን ልቅሶ ላልቅስ።

ካልተናገሩ እኔ አነበዋለሁ። ከሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ እንደማላውቅ ያውቃሉ፤ ድምፄም ትንሽ ናት። ሕዝቡ ግን ዝም ይልልኛል።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር አልላኩትም። በአዲስ ቆዳ ሰፍቼ አንገቴ ላይ መልሼዋለሁ። ደብዳቤውን የምታደርስልዎ ዙሀራ ናት፤ ውሃ እንኳ ያጠጧት፣ ከሁላችንም በፊት እሷ አልቅሳለታለች።

ቁልቁለቱ ይቅናዎ፤ ፈረስዎን እንቅፋት አይንካው። የእናታችን አምላክ በሰላም ያገናኘን።

የጀምበሬ እህት
ተናኜ