ፍሬን ስይዝ የምታፏጨውን መኪናዬን «ጤነኛ ናት» ብለው ላሳለፉልኝ ሰው

ለተከበሩ አቶ ድዌይን ኪስነር፣
የሄምሎክ ጋፕ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በጣቢያዎ ደጅ ተጋድሞ የሚውለው ውሻዎም ፍጹም ጤነኞች ሆናችሁ እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት ለመጠየቅ ጊዜ ካገኙ፣ ከተሰበሩት ሁለት የእግር ጣቶቼ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤውን በከተማችን ጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ከከተማችን ወደ ሸለቆው የሚወስደውን ቁልቁለት በየቀኑ የሚወርዱ ሌሎች ሰዎች ስላሉ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። አሮጌዋ ቡናማ መኪናዬ በጉዞ ላይ ደህና ሆና፣ መብራት ይዟት ቆማ ነዳጅ ሳልሰጣት በሚኒሞ ስትሠራ ግን ብርድ ብርድ እንደሚለው ሰው እንደምትንዘፈዘፍ የነገርኩዎ በጸደይ መግቢያ ነበር። እርስዎም ኮፈኑን ለመክፈት እንኳ ሳይደክሙ ለሞተሩ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ እንድቀይር መከሩኝ፤ ቀየርኩ። መንዘፍዘፉ ስላልተዋት ተመልሼ ብመጣ የአየር ማጣሪያው ነው አሉኝ፤ እሱንም ቀየርኩ። በአዲስ ካንዴላና በአዲስ ማጣሪያ እንደ ቀድሞው ተንዘፈዘፈች።

ሁለተኛ፣ እኔው ራሴ ጆሮዬን እንዳሠራ ስላስገደዱኝ አመሰግናለሁ። በግቢዬ ውስጥ ሞተሩን አስነሥቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ እየደጋገምኩ አዳመጥኩ። እግሬን ከፍሬኑ ሳነሣ ሞተሩ ረጋ ይላል፤ ፍሬኑን ስረግጥ ከእግሬ ሥር ከተበሳ ጎማ እንደሚወጣ አየር ያለ ፉጨት ይሰማል፣ ሞተሩም ትንፋሽ ያጠረው ይመስል ይንዘፈዘፋል። ፔዳሉም ከዕለት ወደ ዕለት እየጠነከረብኝ ሄዶ ነበር። ለዓመታዊው ምርመራ ስመጣ ይህንን ሁሉ አንድ በአንድ አስረድቼ፣ እባክዎን አንድ ጊዜ ተቀምጠው ይርገጡት ብዬ ለመንኩዎ። እርስዎ ግን ተራ ከሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ጋር ጨዋታ ይዘው ስለነበር፣ ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦

«አይ እትዬ ቨርና፣ መኪናዋም እንደ እኛው አርጅታለች። አሮጊት ስታጉረመርም ሬዲዮኑን ከፍ ማድረግ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ለይሉኝታ ያህል ሳቅኩ። ከዚያም የማለፊያውን ምልክት በራስዎ እጅ በመስታወቴ ላይ ለጠፉልኝ፤ መንግሥት ፈቃድ የሰጠውን ባለሙያ ልጠራጠር እኔ ማን ነኝ ብዬ ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሦስተኛ፣ ሙሉውን ቢሰሙት የምወደው ይህኛውን ነው። ታላቅ እህቴ ዊልዳ ከእኔው ጋር እንደምትኖር ያውቃሉ። በበጋው መጀመሪያ የቀኝ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሟ እንዳትጎነበስ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ በምንም ምክንያት እንዳታምጥ አጥብቆ አስጠንቅቋት ነበር። በማግስቱ ለዓይኗ ምርመራ በሸለቆው ወዳለው ሐኪሟ ስወስዳት፣ ዓይኗ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በፊተኛው ረጅም ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ቁልቁለቱን አጋምሰን ግንድ የጫነ የጭነት መኪና ከፊታችን ሲያዘግም አየሁና ፍሬን ያዝኩ። ያ ፉጨት አንድ ጊዜ በኃይል ተሰማና ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። የቻልኩትን ያህል ብረግጠው ወይ ፍንክች። ማርሹን ወደ ታች ብጥለውም፣ የእጅ ፍሬኑን ብስበውም፣ የግንዶቹ ጫፍ እየቀረበ መጣ።

ዊልዳ ምን ሆንሽ ስትለኝ «አልያዘም» ብቻ አልኳት።

«እግርሽን እንዳታነሺ» አለችና ወደ እኔ ተንሸራታ፣ ግራ እግሯን በእግሬ ላይ ጭና ረገጠች። ጣቶቼ ሲሰበሩ ሰማኋቸው። ዓይንሽ፣ ተይ፣ ዓይንሽ እያልኩ ብለምናትም፣ በሕይወቷ ክፉ ቃል ወጥቷት የማታውቀው እህቴ ጥርሷን ነክሳ «ለሬሳ ዓይን ምን ያደርግለታል? ርገጪ!» አለችኝ። ሁለታችን ተባብረን እየረገጥን፣ መኪናዋን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቼ ጎኗን ከአለቱ ጋር እያፋተግሁ፣ በመጨረሻ ቆመች። የጭነት መኪናው አንዳች ሳያውቅ ኩርባውን ዞሮ ከዓይናችን ጠፋ። ሞተሩ በቆምንበትም ይንዘፈዘፍ ነበር። ያጠፋችው ዊልዳ ናት፤ እኔ እጄን ከመሪው ማላቀቅ አቅቶኝ ነበር። ከዚያም በጣም በቀስታ፣ «ቨርና፣ በጨርቁ ውስጥ ቀይ ቀይ ይታየኛል» አለችኝ።

መኪናዋ ተጎትታ የሄደችበት የሸለቆው ጋራዥ፣ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሉት ዕቃ ውስጡ ያለው ላስቲክ መቀደዱን አገኘ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር አየር በቀዳዳው ወደ ሞተሩ እየሾለከ ነው የሚያንዘፈዝፈው፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ደግሞ ፔዳሉን የሚያግዘው ኃይል ጭራሽ ጠፋ። ፉጨቱም የመጣው እኔ ካልኩዎት ቦታ ነበር። ይህንን በስልክ ባስረዳዎት ጊዜ፣ በምርመራው ዕለት መኪናዋ ጤነኛ እንደነበረች በጨዋ አነጋገር ስላረጋገጡልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አራተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቁጥሩን ግን ትቼዋለሁ። የዊልዳ ዓይን ውስጥ ደም ፈስሷል። ሐኪሟ፣ ደሙ ሊጠፋ ይችላል፣ ላይጠፋም ይችላል፣ መጠበቅ ነው ይላል። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ዘንድ ቆሜ፣ ደህነኛውን ዓይኗን በመዳፏ አስሸፍኜ ምን እንደሚታያት እጠይቃታለሁ። ትናንት የሹራቤን ቀለም ስጠይቃት ግራጫ ነው አለችኝ። ቀይ ነበር። ልክ ነሽ አልኳት። ከዚያ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ቁልቁለቱን እፈራለሁ፣ ቆሞ ሞተሩ የሚሠራ መኪና ድምፅ እፈራለሁ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ነገ ጠዋት እዚያው መስኮት ዘንድ መቆሙን እፈራለሁ።

ከእርስዎ የምለምነው ብዙ አይደለም። ምልክቱን ከመለጠፍዎ በፊት ሞተሩን አስነሥተው፣ ፍሬኑን ረግጠው፣ ጥቂት ዝም ብለው ያዳምጡ።

ለሕዝብ ደኅንነት ያለዎትን ጥልቅ አሳቢነት በአካሌ ላይ ለማየት የታደልኩ፣ በጎ ምኞቴ ከደጅዎ የማይለይ፣ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

ቨርና ቦልያርድ
ሄምሎክ ጋፕ፣ ዌስት ቨርጂኒያ

ማሳሰቢያ፦ የቤተ ክርስቲያናችን ቫን ሐሙስ ጠዋት ለምርመራ ወደ እርስዎ እንደሚመጣ ከፓስተራችን ሰምቻለሁ። በዚያ ቫን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እንደሚሳፈሩበት የሚያውቁ እናቶች አብረውኝ ሊመጡ ተስማምተዋል። ሥራዎን እንዳንረብሽ መቀመጫችንን ይዘን እንመጣለን። ሲጨርሱ ምልክቱን ከመለጠፍዎ በፊት፣ ከሁላችን ጋር በቫኑ ተሳፍረው ቁልቁለቱን አንድ ጊዜ እንዲወርዱልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የሚነዱት እርስዎ ነዎት።