ያልሰጠመችው ዝንብ

ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ሲበርድ የሚቀሰቀስብህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ምንም አልል እያልክ ታታልለናለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጅህ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን ልበልህ እንጂ ይህን ደብዳቤ ጀምሬ የተውኩት ደጋግሜ ነው።

የአባታችንን ለቅሶ መቼ እንደምንቀመጥ ጠይቀኸኛል። እኔም ባውቀው በወደድኩ። ወንዙ ሞልቶ ከወሰደው ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ እርማችሁን አውጡ ይለናል፤ እናታችን ግን እንቢ እንዳለች ናት። ሬሳው አልተገኘም። የተገኘው የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉ ነው፤ ጫፉ ላይ ያሰራት፣ ዓሣ እንድታታልል ከላባ የሠራት ዝንብም ሸምበቆው ሥር እንደተንሳፈፈች ነበረች። እናታችን ዝንቧን በጥሳ አመጣችና እሱ ይሠራበት በነበረው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ ሳፋ ሙሉ ውሃ ላይ አስቀመጠቻት። ይቺ እስክትሰጥም ድረስ ባሌ አልሞተም አለች።

እኔ ነገ ትሰጥማለች ብዬ ተውኳት። መቼም አባታችን ትራውት ለሚሉት ዓሣ የሚሠራት ዝንብ እንዴት እንደምትንሳፈፍ ታውቃለህ፤ ቀጭን መንጠቆ፣ ከሽማግሌ አውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ደረቅ ላባ፣ ከላይ ጥቂት ሰም። ሰም አታብዢ፣ ላባው ተጣብቆ ቁልቁል ትወርድብሻለች ይለኝ ነበር። ቢሆንም ላባ ውሎ አድሮ ውሃ መጠጣቱ አይቀርም። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ስገባ በላባዋ ጫፍ ቀጥ ብላ ቆማ አገኛታለሁ።

አሁን በሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ መንጠቆውን በሱ ትንሽ ሞርሳ አስይዤ፣ ለባለ ሱቁ ዝንብ የምሠራው እኔ ነኝ። የአንቺ ዝንቦች የሚያጠምዱት ጭቃ ነው እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን ነው፤ ሳፋው ከጀርባዬ እያለ ዞር ዞር ማለቴን አልተውም።

አንድ ቀን ጨክኜ ዝንቧን አወጣኋትና በብርሃን አየኋት። ላባው መንጠቆው ላይ የታሰረበት ክር የዞረው ወደ ቀኝ ነበር። አባታችን ደግሞ ግራኝ ነው፤ የሱ ክር ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። የእናታችንን ጣቶች ሳይ በመንጠቆ ተበሳስተዋል። ለካ በሰጠመች ቁጥር እሷ ሌላ እየሠራች ትተካ ኖሯል! ዝንቧን መልሼ ውሃው ላይ አስቀመጥኳት።

ከዚያ እናታችን ደጃፉ ላይ አዳልጧት ቀኝ እጇ ተሰበረ። አትደንግጥ፣ በጄሶ ታስሮላት እየዳነች ነው። ኃጢአት ባይሆንብኝ፣ በቃ አሁን ዝንቧ ትሰጥማለች፣ እኛም አልቅሰን ይወጣልናል ብዬ ነበር። በማግሥቱ ስገባ ዝንቧ ቆማለች። አወጣኋት። ክሩ ወደ ግራ ዞሯል።

እንደ ምንም ብዬ አንቺ ነሽ ወይ አልኳት። ፈገግ አለችና እስከ ትናንት እኔ ነበርኩ፣ ይቺን ግን አልሠራኋትም አለችኝ። ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ቤት ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን። ከአባታችን ሌላ ግራኙ አንተ ነህ፤ አንተ ደግሞ ባሕር ማዶ ነህ።

ፈርቻለሁ። ሞርሳውን ነቅዬ ወጥ ቤት ውስጥ መሥራት ጀምሬአለሁ። ውሃውን ልደፋው ሄጄ ሳፋውን ሳልነካ ተመለስኩ። እባክህ ና፤ መጥተህ ዝንቧን በገዛ እጅህ አውጣት። ከዚያ ወይ አብረን እናለቅሳለን፣ ወይ የሚሆነውን አብረን እናያለን።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ትንሿን ሳምልኝ። ጎረቤታችን አናጢው ሰላም በይልኝ ብሏል። አንገቱን የመለጥነው አውራ ዶሮም አለ፤ እኔን ሲያይ አሁንም ይሸሻል። እናታችን ዓይንህን ሳላይ አይውሰደኝ ትልሃለች።

ላሽገው ስል ደግሞ ጠርታ አባትህም ሰላም ብሎሃል በይው አለችኝ። ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር።

ታናሽ እህትህ
ከወንዙ ዳር፣ ከቤታችን
እሑድ፣ ሰኔ ማለቂያ